ለዕርቅ የተነጨ ሣር

በዲዳ ቡላ የግጦሽ ትምህርት ቤት ያሉት ሣሮች ሁሉ ሰው ሠራሽ ናቸው። ሕያው ተክል ለማስተማሪያ መንቀል ከተከለከለ ወዲህ የመስክ ማዕከሉ በየዓመቱ አንድ ሣጥን ይልካል። በሣጥኑ ውስጥ በቦረና ቆላ የሚበቅሉት ተክሎች ከነሥራቸውና ከነዘለላቸው፣ የቅጠላቸው ጠርዝ ሻካራነት ሳይቀር ተመስለው ይቀመጣሉ። ፀሐይ አያጠወልጋቸውም። የጎደላቸው ሽታ ብቻ ነው።

መምህርት ታላሶ ጃተኒ ትምህርቷን የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ከሣጥኑ አንድ ተክል ታነሣለች፤ ስሙን ትጠይቃለች፤ ቀጥላም "ይነቀላል ወይስ ይጠበቃል?" ትላለች። ተማሪዎቿ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጧታል። ተክሉን ይቀባበሉታል፤ ያገላብጡታል፤ ሽታ እንደሌለው እያወቁም ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል።

"መምህርት፣ ላሜ ይህን ብትበላው ጀሪካን ትወልዳለች" አለ ቦናያ፤ ከኋላ መቀመጥና ሰው ማሳቅ የሚወድ ጎልማሳ ነበር።

"ያንተ ላም ትውለድ እንጂ፣ ጀሪካንም ቢሆን አንጠላም" አለው ከፊቱ የተቀመጠው ዋሪዮ ሁቃ፣ ዘወር ሳይል።

ታላሶ አልሳቀችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ግን ጠበቀች። ፈተናው እንደማይስቅ ታውቃለች።

በእያንዳንዱ ከብት አንገት ላይ ቃጭል አለ። ድምፁ ለሰው ጆሮ አይሰማም። ላሚቱ ትሰማዋለች፤ ወደ ተፈቀደላት መስክ ትሄዳለች፤ ካልተፈቀደላት መስክ ደግሞ ማንም ሳይመታት ትመለሳለች። መንገዱን የሚመርጠው ማዕከሉ ነው። እረኛው ከኋላ ይከተላል፤ የቀረለት ሥራም መስኩን ከአረም ማጽዳት ነው። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው ሰው በሌለበት ቤት የከብቶቹ ቃጭል ይዘጋል፤ ቃጭሉ የተዘጋ ከብት ደግሞ ሣርም ውሃም አጠገብ ደርሶ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ በትር የሚያነሣ ሰው የለም። ማዕከሉ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ አሠራሩን ከግጭት የጸዳ ይለዋል።

ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ደረቱ ላይ አንድ ክብ መስታወት ያንጠለጥላል። የነካውን፣ የቆረጠውንና የነቀለውን ሁሉ መስታወቱ ያያል። አርብቶ አደሮቹ ስም አውጥተውለታል፤ "አማት" ይሉታል። ከአማት ፊት አይበላም፣ አይቀለድም፣ ዝም ብሎም አይቆምም።

ዋሪዮ ሁቃ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ትምህርት ሲጀምር ከሁሉም ደካማው ተማሪ እርሱ ነበር። ጎረምሳ ሳለ ሣርን ከሣር ለይቶ እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ነገር ግን ከብቶቹን ቃጭል መምራት ከጀመረ በኋላ ላሞቹ ምን እንደሚበሉ ማየት ትቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩውን ሣር አረም ነው፣ አረሙን ጥሩ ሣር ነው እያለ ቦናያን ሲያስቅ ሰነበተ። ከዚያ ሚስቱ ዳርሚ ማታ ማታ ታስጠናው ጀመር። እርሷ የተማረችው ነገር አልነበረም፤ ሰው ሠራሾቹን ተክሎች በጨርቅ ደብቆ ወደ ቤት እየወሰደላት፣ ስሙን ከነገራት በኋላ መልሳ ትጠይቀዋለች። ታላሶ ይህን ታውቅ ነበር። የትምህርት መሣሪያ ከክፍል ማውጣት ክልክል ነው፤ እርሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ስትቆጥር ሁሉም ተመልሶ ታገኘዋለች።

በፈተናው ቀን ዋሪዮ አንድም ተክል አልሳተም። ከሁሉም ፈጥኖ የለየው ማታ ጉዴሳ የሚባለውን ነበር፤ ዘለላው እንደ ትልቅ ራስ የሚከብድ፣ ላሞች ከሌላው ሣር ሁሉ አስቀድመው የሚበሉት ሣር ነው። "ይጠበቃል" አለ ጥያቄው ሳያልቅ። "ጥጆች የሚያድጉት በእርሱ ነው።" ታላሶ የፈቃዱን ጨርቅ በትከሻው ላይ አሰረችለት። ያወቀ አይቀጣም ብላ ታምን ነበር። ትምህርት ቤቱን ለቅቃ ያልሄደችውም በዚህ እምነት ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በበጋው እኩሌታ ላይ ደግሞ ማዕከሉ የዕፅዋት ማውጫውን አሻሻለ።

ፉሌንሳ የሚባል እሾህ አለ፤ ነፋስ ሲገባበት የሚያፏጭ። ከታላሶ አያቶች ዘመን ጀምሮ የቦረናን ሣር ዋጥ አድርጎ ያስቀረው እርሱ ነው። ማውጫው አረም ይለው ነበር፤ ታላሶም ለዓመታት "ይነቀላል" እያለች አስተምራለች። በተሻሻለው ማውጫ ግን ፉሌንሳ ጥብቅ ተክል ሆነ። እንጨቱ ከሣር ይልቅ ብዙ ካርቦን ይይዛል፤ የሚይዘውንም ካርቦን ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች አስቀድመው ገዝተውታል። ማሻሻያው ከጸደቀበት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። ለመምህራን የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ለአርብቶ አደሮቹ የደረሰው ደግሞ በመምህራን በኩል።

ዋሪዮ ፉሌንሳውን የቆረጠው ማሻሻያው ጸድቆ ለታላሶ ገና ሳይደርሳት ነበር። ለጥጆቹ በረት ማጠሪያ ፈልጎ እንደተማረው ከሥሩ ቆረጠ፤ በአማቲቱ ፊት፣ ቀና ብሎ። ማታውን ላሞቹ ከውሃው ጉድጓድ አፍ ላይ ተመለሱ። ዳርሚ አንዷን ቀንዷን ይዛ ወደ ገንዳው ልትስባት ሞከረች። ላሚቱ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልተራመደችም።

አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው የሚሰማው በከተማው በሚገኘው የማዕከሉ ጽሕፈት ቤት ነው። ዋሪዮ ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ታላሶን ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ መጣ።

"አንቺ የጃተኒ ልጅ፣ ትመሰክሪልኛለሽ?"

"እመሰክራለሁ፣ አባ ሊበን።"

ሊበን የበኩር ልጁ ነው፤ ከተማ ከገባ ቆይቷል። በቦረና አንድን አባት በልጁ ስም መጥራት ያስከብረዋል።

"ምን ብለሽ?"

"እውነቱን እናገራለሁ። 'ይነቀላል' ብዬ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ። ያስተማርኩዎን ነው የሠሩት።"

ዋሪዮ ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ ነው። እኔስ ምን ይዤ ልምጣ?"

"ምንም አይያዙ። ፈቃድዎንና አማቲቱን ብቻ።"

ሳቀ። "ባዶ እጅ? ለነገር ባዶ እጅ ይኬዳል?"

"የእነርሱ ነገር እንደዚህ ነው፣ አባ ሊበን።"

"ዩኒቨርሲቲው ብዙ አስተምሮሻል" አለ፤ በክፋት አልነበረም። ከብቶቹን ሊያስከትል ሄደ። ውሳኔው ለእርሱ ከሆነ ቃጭሎቹ ወዲያው ስለሚከፈቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ካለው ገንዳ ሳይጠጡ አያሳድራቸውም።

ታላሶ ከዚያ በኋላ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ መልሳ አስባዋለች። "ምን ሊይዙ አሰቡ?" ብላ ልትጠይቀው ትችል ነበር። መልሱን የማታውቅ ሆና አይደለም። አባቷ ነገር በገጠመው ጊዜ ሁሉ ከጎጆው ወጥቶ እርጥብ ሣር ሲነጭ ታየው ነበር። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው እንቢ ማለት አይቻልም፤ እንቢ ያለ ሰው ዝናብን እንቢ እንዳለ ይቆጠራል። ይህንን ታውቃለች። ነገር ግን የምታውቀው በሌላ የአእምሮዋ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የዕፅዋት ማውጫው ከሚገኝበት ክፍል ጋር በበር አይገናኝም።

የአቤቱታ መስሚያው ክፍል ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። አጣሪው አቶ ኢዮአታም ከደጋ የመጣ ወጣት ነበር፤ ትሑትና ድካም የተጫነው። ዋሪዮ ሲገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር አሳየው። በመስኮቱ በኩል የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይታያል፤ በግቢው ዙሪያ ለጎብኚዎች ማሳያ የተተከለ ጠባብ የሣር መደብ ነበር፤ በዚያ በጋ ከአድማስ እስከ አድማስ አረንጓዴ የነበረው እርሱ ብቻ ነው። ከመደቡ ወዲያ የዋሪዮ ላሞች ገንዳውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ሳይጠጉት ቆመዋል።

"ልብሱን ገለጥ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። መስታወቱ መታየት አለበት" አለ አጣሪው።

ዋሪዮ ነጠላውን ከደረቱ ላይ ገለጥ አደረገ። ከጠዋቱ ብርድ የተነሣ ሲመጣ ተጠቅልሎበት ስለነበር መስታወቱ እስከዚያ ተሸፍኖ ነበር። ቀኝ እጁን ግን ከነጠላው ሥር አላወጣም።

ታላሶ ለመመስከር ቆመች። ስትናገር ቃላቷን እንደ ዘር ትመርጣለች፤ የፈተናውን ውጤት ጠቀሰች፤ ማሻሻያው መቼ እንደደረሳት ተናገረች። "ዋሪዮ ሁቃ ካስተማርኳቸው ሁሉ የተሻለ ተማሪ ነው" አለች። "ከማውጫው ተክሎች አንዱንም አልሳተም። ስህተት ካለ የእርሱ አይደለም፤ የትምህርቱ ነው።"

አቶ ኢዮአታም ጠረጴዛው ላይ የበራውን ጽሑፍ አነበበ። ፊቱ ተፈታ። ለሰው መልካም ዜና የመናገር ዕድል ብዙ ጊዜ የሚያገኝ አይመስልም ነበር።

"አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቷል" አለ። "በተማሩት መሠረት ነው የሠሩት። ቃጭሎቹ አሁን ይከፈታሉ።"

በመስኮቱ በኩል ላሞቹ ተንቀሳቀሱ። የፊተኛዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ ገንዳው ተራመደች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። የውሃው ድምፅ ወደ ክፍሉ አይደርስም፤ የጉሮሯቸው እንቅስቃሴ ግን ይታይ ነበር።

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዋሪዮ ግን ከወንበሩ ተነሣ፤ አውራ ጣቱ ላይ የገመድ ጠባሳ ያለበትን ቀኝ እጁን ከነጠላው ሥር አወጣ። በመዳፉ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ እርጥብ ሣር ነበር። ዘለላው ከብዶ ጎንበስ ብሏል።

የመጣው ሊለምን ነበር፤ ሳይለምን ተሰጠው። ሣሩን ደብቆ ይዞት መመለስ ይችል ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ ታላሶም በዚያች ቅጽበት ያንኑ ተመኘች። ነገር ግን ለዕርቅ የተነጨ ሣር መሬት አይወድቅም፤ እጅ ላይ መድረስ አለበት። ነገር የረታ ሰው ሣሩን ይዞ ከተመለሰ ቂም ይዞ ተመለሰ ይባላል።

"ልጄ" አለ ዋሪዮ ለአጣሪው፤ "በእኔና በእናንተ መካከል የነበረው ነገር አልቋል። ዝናብ ይስጥህ። ከብትህ ይርባ።"

ሣሩንም ዘረጋለት።

አቶ ኢዮአታም ከብት አልነበረውም። እናቱ ግን ከታላቅ ሰው የሚሰጥን ነገር በሁለት እጅ መቀበል አስተምራው ነበር። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ዋሪዮ ይህንን አየና ዓይኖቹ እርጥብ ሆኑ። ወደ ታላሶ ዞሮ "አየሽ? እነርሱም ያውቃሉ" አላት።

ጠረጴዛው ላይ ቀይ መብራት በራ። አማቲቱ አይታለች።

አጣሪው መብራቱን አነበበ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ሣር ተመለከተ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል የግቢውን መደብ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ማታ ጉዴሳ ነው። ጥብቅ ተክል ነው፤ ከማሳያው መደብ የተነቀለ።" ወደ ታላሶ ዞረ። "መምህርት፣ ልጠይቅዎ ግድ ነው። ይህን ተክል ያውቀዋል?"

ታላሶ ወደ ዋሪዮ ተመለከተች።

"የሚያውቅ ከሆነ ሆን ብሎ ነው" አለ አጣሪው፤ ሕጉን ለእርሷ ብቻ በሹክሹክታ የሚነግራት ይመስል። "ፈቃዱ ይነጠቃል፤ የቤቱም ቃጭሎች ሌላ ሰው ፈቃድ እስኪያወጣ ይዘጋሉ። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ የተሰጠው በስህተት ነው። ከእርሱ ጋር የተፈተኑት ሁሉ እንደገና እስኪፈተኑ ድረስ ቃጭሎቻቸው ይዘጋሉ።"

የሚቀጥለው ትምህርት የሚከፈተው ከዝናብ በኋላ ነው። የተፈተኑት የዲዳ ቡላ ቤቶች በሙሉ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቦናያም፣ የታላሶ አጎቶችም ከእነርሱ ውስጥ ናቸው።

"የነጨው እንደ ተክል አይደለም" አለች ታላሶ። "እንደ ቃል ነው የነጨው። ይህ የዕርቅ ምልክት ነው፤ እርስዎም ተቀብለውታል።"

አቶ ኢዮአታም ጠረጴዛው ላይ የበራውን ጽሑፍ ፈተሸ። "በየትኛው ሥር ላስገባው?" አለ። ፌዝ አልነበረም፤ ቦታ ቢኖር ኖሮ ያስገባው ነበር። "ያለው 'ያውቃል' እና 'አያውቅም' ነው።"

ዋሪዮ ፊቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞር ነበር። የሚነጋገሩት ስለ እርሱ መሆኑ ገብቶታል፤ አጣሪው በዝቅታ የተናገረውን ግን በደንብ አልሰማም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ጨዋታ መስሎታል።

"ምን ይላል?" አላት።

"ሣሩን ያውቁት እንደሆነ ነው የሚጠይቀኝ፣ አባ ሊበን።"

"ታዲያ ንገሪው እንጂ! እንቅልፍ አጥቼ የተማርኩት ለምንድን ነው? ዳርሚ ብትሰማ ታፍርብሻለች።"

ታላሶ ወደ አጣሪው ዞረች።

"ያውቀዋል" አለች።

ዋሪዮ ፈገግ አለ፤ ደረቱንም ነፋ አደረገ። አቶ ኢዮአታም ሣሩን በጥንቃቄ፣ አንድም ዘለላ እንዳይሰበር አድርጎ፣ ወደ ገላጭ ከረጢት አስገባና አፉን ዘጋ።

በመስኮቱ በኩል ላሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ከገንዳው ቀና አደረጉ። ከአፋቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ጥቂት ቆመው፣ ማንም ሳይጠራቸው ዞሩና መሄድ ጀመሩ።

"ገና አልጠገቡም" አለ ዋሪዮ። ወደ መስኮቱ ቀረበ። "ታላሶ፣ ገና አልጠገቡም እኮ። ወዴት ነው የሚሄዱት?"

ከዚያ ቀን በኋላ የዋሪዮ ጎሳ ሰዎች እንደ ጥንቱ ከብቶቹን ተከፋፍለው ከመንጋዎቻቸው ጋር ሊቀላቅሏቸው ሞክረው ነበር። ላሞቹ ከሌላ ሰው ላሞች ጋር ተቀላቅለው ሄዱ፤ ውሃው ዘንድ ሲደርሱ ግን የሌላው ሰው ላሞች ጠጡ፣ የዋሪዮ ላሞች ተመለሱ። ቃጭሉ የየትኛው ቤት ከብት እንደሆነ ያውቃል። ዳርሚ በጀርባዋ ውሃ እየተሸከመች በባልዲ አጠጣቻቸው፤ ከዝናቡ በፊት አብዛኞቹ አለቁ። ዋሪዮ በሌሎች መስክ ላይ አረም በመንቀል ይተዳደራል ይባላል። ፈቃድ ስለሌለው የሚነቀለውን የሚያሳየው ባለፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚያሳየው ቦናያ ነው። ቦናያ ሰው ማሳቅ ትቷል።

ከዝናቡ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ከማዕከሉ አዲስ ሣጥን መጣ፤ ከሣጥኑም ጋር በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚታዩ አዳዲስ ሥዕሎች። "የጥፋት ዓይነቶች" የሚል ትምህርት ተጨምሯል፤ የመጀመሪያውም ትምህርት እርሱ እንዲሆን ታዟል።

ዳርሚ ከፊት ተቀመጠች። ቤቷ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሊበንም ከከተማ አልመጣም። የቀሩትን ላሞች ደጅ አስራቸዋለች።

ታላሶ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ቀደም ብላ አይታዋለች። እንዲቀየርላት ጽፋ ነበር፤ መልስ አልመጣም። ግድግዳው በራ። በሥዕሉ ላይ ከደረት መስታወት የታየ የሽማግሌ እጅ ነበር፤ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ የገመድ ጠባሳ ያለበት፣ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ፊት የተዘረጋ። የእጁ ባለቤት አይታይም። ከጣቶቹ ጫፍ ማዶ ሥዕሉ ተቆርጧል።

ቦረና ሆኖ እንዲህ ያለ እጅ ሲያይ ዝም የማይል ሰው የለም።

"የተክሉ ስም ማን ነው?" አለች ታላሶ። ጥያቄው ከማዕከሉ የመጣ ነው፤ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ዳርሚ እጇን አወጣች።

"ማታ ጉዴሳ" አለች። "ይጠበቃል።"

አረንጓዴው መብራት በራ።

"ትክክል ነው፣ የሊበን እናት።"

ዳርሚ እጇን አላወረደችም። ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ሥዕሉ በተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"መምህርት" አለች፣ "የሚሰጠውን እጅ አወቅሁት። እዚህ ጋ ደግሞ ሣሩን የተቀበለ እጅ ነበረ። እርሱን የት አደረጋችሁት?"

ታላሶ የሚቀጥለውን ሥዕል ለማሳየት እጇን አነሣች። ግድግዳው እስኪቀየር ድረስ የዳርሚ ጣት የተቀባዩ እጅ በነበረበት ቦታ ላይ ነበር።